ፎቶው ተለጥፏል፤ ከማጥፋታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደሴ ውስጥ ማመልከቻ ጽፌ ነው የምኖረው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፤ ቢሮዬ ይኸው ነው። ድሮ የሚመጣልኝ የውርስ፣ የቀለብ፣ የድንበር ጉዳይ ነበር። አሁን ስልክ ይዞ የሚመጣው በዝቷል። ስልኩን ወደ እኔ አያዞሩትም። ጭናቸው ላይ ደፍተውት ይቀመጡና ዝም ይላሉ። ያኔ ነገሩ ይገባኛል።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ስልኩ በመሐረብ ተጠቅልሏል። የልጅቷ የቀድሞ እጮኛ ሁለት የግል ፎቶዎቿን ያለ ፈቃዷ ቴሌግራም ቻናል ላይ ለጥፎባታል። "ማስረጃውን ልየው እማማ" አልኳቸው። ኮራ ብለው "ኸረ እኛ አንድም አላስቀረን ልጄ፣ ሙልጭ አርገን አጥፍተነዋል" አሉኝ። ልጅቷም ብሎክ አድርጋዋለች፣ ቻቱን ሰርዛዋለች።

አልፈረድኩባቸውም። ያሳፈረንን ነገር ከዓይን ማራቅ የማንም ሰው ባሕርይ ነው። ግን ለእሱ የቀረውን ሥራ እነሱ ጨረሱለት ማለት ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ሰው የሚጎዳው ሕግ ስለሌለ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ስለሚያዛባው ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የምነግራችሁ ፋይል ሲከፈትና ሲበላሽ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ፦ አትጣሉት፣ አትክፈሉት፣ ብሎክ አታድርጉት

ማለቴ ለዘላለም አይደለም። ማስረጃው እስኪያዝ ብቻ።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው የላከውን መልእክት ከራሱም ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ሙሉ ቻቱን ጭምር። እናንተ "ልከስህ ነው!" ብላችሁ ስትጽፉ እሱ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ታሪኩን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ዛቻውን፣ "ገንዘብ ካልላክሽ እለቀዋለሁ" ያለውን፣ "አዎ እኔ ነኝ፣ ምን ታመጫለሽ" ያለውን ሁሉ ሳይነቃ ያዙት። እንደ እውነቱ ከሆነ ከፎቶው ይልቅ እነዚህ የድንፋታ መልእክቶች ናቸው ፋይል የሚያቆሙት።

ገንዘብ ከጠየቀ አትላኩ። የከፈለ ሰው ነገም ይጠየቃል። ከዚህ ቀደም ልካችሁ ከሆነ ግን አትሸማቀቁ፤ እሱም ማስረጃ ነው። ቴሌብር ሲላክ ከ127 የሚመጣውን አጭር መልእክት አታጥፉት። ቀኑ፣ መጠኑ፣ የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ያልታወቀ አካውንት ሲያስፈራራችሁ ቆይቶ "በዚህ ቁጥር ላኪ" ያለ ዕለት ራሱን አስመዘገበ ማለት ነው።

ማስረጃ አያያዝ

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ብዙ ሰው ፎቶውን ብቻ ስክሪንሹት ያደርግና ይመጣል። ፎቶው ብቻውን ምንም አይናገርም። የት ተለጠፈ? ማን ለጠፈው? መቼ? መርማሪው የሚጠይቀው እነዚህን ሦስቱን ነው። ስለዚህ ስክሪንሹቱ ላይ የቻናሉ ወይም የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ካለም ከሥሩ የተጻፈው ነገር አብሮ ይታይ። ቴሌግራም ቻናል ላይ ከፖስቱ ጥግ ያለችው የዓይን ምልክት ስንት ጊዜ እንደታየ ትናገራለች። እሷም ትግባ።

ከዚያ የፖስቱን ሊንክ ኮፒ አድርጋችሁ ማስታወሻ ላይ አስቀምጡ። ስም ይቀየራል፣ የፕሮፋይል ፎቶም ይቀየራል። የፖስቱ ሊንክ ግን የትኛው ቻናል ላይ ስንተኛው ፖስት እንደሆነ ይዟል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ደግሞ የፖስቱን ብቻ ሳይሆን የለጣፊውን ፕሮፋይል ሊንክ ጭምር ውሰዱ።

ከሁሉ የሚሻለው የስክሪን ቪዲዮ ነው። ከስልኩ መነሻ ገጽ ጀምሩ። አፑን ክፈቱ፣ ቻናሉን ክፈቱ፣ ፖስቱ ላይ ቁሙ፣ ከዚያ የለጣፊውን ፕሮፋይል ክፈቱ። ቀስ ብላችሁ። "ስክሪንሹቱን በፎቶሾፕ ሠርታው ነው" የሚለውን መከራከሪያ በጣም ያዳክመዋል። አንዳንድ ቻት ስክሪንሹት ይከለክላል። ያኔ የምታምኑት ሰው በሌላ ስልክ ስክሪኑን ይቅረጽ። ያ ሰው በዚያው ምስክር ይሆናችኋል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ስልካችሁ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማመልከቻው የሚጻፈው በእኛ ነው። ፖስቱ ማርች 12፣ 2025፣ 8፡40 ፒኤም ይላል፤ ማመልከቻው ላይ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2፡40 ይጻፋል። ሁለቱ አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ናቸው። ግን አንድ ቀን ተሳስታችሁ ብትጽፉ ጠበቃው ያቺን ስህተት ይዞ ነው የሚሞግታችሁ። እኔ ሁልጊዜ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስገባለሁ።

ስልኩን ፎርማት አታድርጉ፣ አትሽጡ፣ ለወንድማችሁ አትስጡ። ዋናው ማስረጃ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሌላው ደግሞ ይኼ ነው፦ ፎቶውን "ፕሪንት ላስደርግ" ብላችሁ ፒያሳ ያለ ኮፒ ቤት እንዳትገቡ! ፋይሉ የቤቱ ኮምፒውተር ዳውንሎድ ውስጥ ይቀራል። ቴሌግራማችሁን እዚያው ከፍታችሁ ሳትዘጉ ትወጣላችሁ። ሁለት ሰው ያየው ፎቶ ማታ ሃያ ሰው ጋ ይደርሳል። ወረቀት ካስፈለገ ሰውነቱ የሚታይበትን ክፍል ራሳችሁ ስልካችሁ ላይ ሸፍኑና የተሸፈነውን ብቻ አትሙ። ያልተሸፈነው በፍላሽ ሆኖ በመርማሪው እጅ ይግባ። ፍላሹን ስታስረክቡ ደግሞ የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ።

ለእኔም ቢሆን ፎቶውን ማሳየት የለባችሁም። ማመልከቻ ለመጻፍ ፎቶ አያስፈልገኝም። ላሳይህ የሚል ሲመጣ "ግድ የለም፣ ምን እንደሚታይ በቃል ንገሩኝ" ነው የምለው። "ካላየሁ አልጽፍም" የሚል ጸሐፊ ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ሂዱ።

ልጅቷ ወይም ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ

እዚህ ላይ የላይኛው ምክር ይለወጣል። ፎቶውን ኮፒ አታድርጉ፣ ለዘመድ አትላኩ፣ "ማስረጃ ነው" ብላችሁም አታከማቹ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚታይበትን የወሲብ ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን ያለ ፈቃድ መያዝንም ወንጀል አድርጎታል። ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ፅኑ እስራት ነው። ሊንኩን፣ የአካውንቱን ስምና ቀኑን በወረቀት ጻፉ፤ ምስሉ ያለበትን ስልክ እንዳለ ይዛችሁ በዚያው ቀን ፖሊስ ጋ ሂዱ። የትምህርት ቤት ወላጆች ግሩፕ ላይ "ይኼን ልጅ የምታውቁ" እያሉ የሚለጥፉ ደግ ሰዎች አሉ። ደግነታቸው ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

አሁን አስነሱት

ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ምስሉን ለማስነሳት አንድ ሰዓት አትዘግዩ።

የመጀመሪያው መንገድ ፖስቱ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ ሪፖርት ማድረግ ነው። ምክንያቱን ስትመርጡ "ደስ አላለኝም" ወይም "ስፓም" የሚለውን አትጫኑ። እርቃን፣ የወሲብ ምስል ወይም ያለ ፈቃድ የወጣ የግል ምስል የሚለውን ፈልጉ። በዚህ ምድብ የገባ ሪፖርት ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። "መቶ ሰው ሪፖርት ያድርግልኝ" ብሎ ሊንኩን ለጓደኛ ሁሉ መበተን ግን የዋህነት ነው። መቶ ሰው ሪፖርት ከማድረጉ በፊት መቶ ሰው ያየዋል። የባለቤቷ አንድ ትክክለኛ ሪፖርት ይበልጣል።

ሁለተኛው ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባለው ነፃ አገልግሎት ነው። በእንግሊዝ የሚገኝ የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። ፎቶውን ከስልካችሁ ትመርጣላችሁ። ፎቶው ግን ከስልካችሁ አይወጣም። ስልኩ የፎቶውን ዲጂታል የጣት አሻራ ይሠራና አሻራውን ብቻ ይልካል። እነ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ሬዲት በዚያ አሻራ እየፈለጉ ያግዳሉ። ያልተለጠፈ ግን "ይለቀዋል" ብላችሁ የምትፈሩትን ፎቶም አስቀድማችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። የሚሰጣችሁን የጉዳይ ቁጥርና የምሥጢር ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ልብ በሉ፣ ይህን ለማድረግ ፎቶው በእጃችሁ መኖር አለበት። ያጠፋ ሰው አሻራውን ከምን ይሠራል? ቴሌግራምን ግን በዚህ አትጠብቁ፤ እዚያ በራሱ ሪፖርት ነው የምትሄዱት። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት አሜሪካ ያለ ድርጅት የሚሰጠው ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ።

ጉግል ላይ ስማችሁ ሲፈለግ ምስሉ የሚወጣ ከሆነ ጉግል ራሱ ያለ ፈቃድ የወጣ የወሲብ ምስልን ከፍለጋ ውጤት የሚያነሳበት ቅጽ አለው። ከፍለጋው ያነሳዋል እንጂ ከዋናው ድረ ገጽ አያጠፋውም። ቢሆንም ቀጣሪ ወይም አማት የሚፈልገው ጉግል ላይ ስለሆነ ግማሽ መንገድ ነው።

በመሃል የራሳችሁን በር ዝጉ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱና የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት። ከጠረጠራችሁ ሌሎቹንም ሁሉ አስወጡና የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አስገቡ። ስንቱ ፎቶ የወጣው በተላከለት ሰው ሳይሆን ለጥገና በተሰጠ ስልክ ወይም የይለፍ ቃሏን በሚያውቅ ሰው እንደሆነ ብታውቁ! በነገራችን ላይ ያለ ፈቃድ የሰው አካውንትና ስልክ ውስጥ መግባት በአዋጁ አንቀጽ 3 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

የትኛው ሕግ?

"የበቀል ፎቶ" የሚል ርዕስ ያለው አንቀጽ በሕጋችን ውስጥ ብትፈልጉ የለም። ይህን ሰምተው "ሕግ የለውም አሉኝ" ብለው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ስም የለውም እንጂ ሕግ አለው። ዋናው ያው አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 13 ነው፤ ሦስት ንዑስ አንቀጽ አለው፣ ልዩነታቸው ብዙ ነው።

በኮምፒውተር ወይም በስልክ ጽሑፍ፣ ቪዲዮ ወይም ምስል አሰራጭቶ ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ያስፈራራ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 5 ዓመት ፅኑ እስራት ይቀጣል። ስለ ተጎጂው እየደጋገመ መረጃ በመላክ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና ያደረሰ እስከ 5 ዓመት ቀላል፣ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ፅኑ እስራት። ሦስተኛው የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ምስል ማሰራጨት ነው፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ወይም ሁለቱም። ይህኛው በግል አቤቱታ ብቻ ነው የሚያስቀጣው። እናንተ ካልከሰሳችሁ ማንም አይከስላችሁም።

እዚህ ጋ የሦስት ወሩ ነገር ይመጣል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 213 መሠረት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ አቤቱታ ሊቀርብበት ይገባል። ካለፈ አለፈ። ይህን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ሰዎች አፍረው የሚጠይቁኝ ጥያቄ "ፎቶውን እኔው ነኝ የላክሁለት፤ ታዲያ እኔም ጥፋተኛ አልሆንም?" የሚል ነው። ለአንድ ሰው መላክ ለአደባባይ መስጠት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይም፣ ሊባዛም፣ ሊሸጥም አይችልም ይላል። ይህ በ1952 የተጻፈ ነው፤ ቴሌግራም ሳይታሰብ። የሚጠይቀው ለማን ላክሽው ብሎ ሳይሆን ለሕዝብ እንዲታይ ፈቀድሽ ወይ ብሎ ነው።

ፎርዋርድ ያደረገውስ? "እኔ አልለጠፍኩም፣ የመጣልኝን ነው የላክሁት" ይላል። ሕጉ የሚለው "ያሰራጨ" ነው። የላከው ሁሉ አሰራጭቷል። ፊቷ በኮምፒውተር ተቀጥሎ የተሠራ የውሸት ምስልም ክብርን እስካጎደፈ ድረስ ከዚህ ሦስተኛ ንዑስ አንቀጽ ይወጣል ብዬ አላምንም። ያኔ ማመልከቻው ላይ "ምስሉ የእኔ አይደለም፣ ተቀነባብሮ ነው" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ማመልከቻው

ተበሳጭቶ የተጻፈ ማመልከቻ እንዲህ ነው የሚመስለው፦ "ይህ አረመኔ ሕይወቴን አጨለመው፣ ስሜን አጠፋው፣ መንግሥት ይፍረደኝ።" ያሳዝናል። ግን መርማሪው ከዚህ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም። እኔ የምጽፈው ይህን ይመስላል፦

"ለኮምቦልቻ ከተማ ፖሊስ። ጉዳዩ፦ የግል ፎቶግራፌ ያለ ፈቃዴ በቴሌግራም ስለተሰራጨብኝና ስለተዛተብኝ ተጣርቶ ለሕግ እንዲቀርብልኝ ስለማመልከት። ተጠርጣሪ ከእኔ ጋር እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. የእጮኝነት ግንኙነት ነበረው። የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚህ ስልክ ቁጥር … 'ካልተመለስሽ እለቀዋለሁ' የሚል መልእክት ልኮልኛል። መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2፡40 ገደማ … በሚባል የቴሌግራም ቻናል ላይ ሁለት ፎቶግራፎቼ ተለጥፈዋል። ይህንኑ ቀን አውቄያለሁ። ፎቶዎቹ ከእሱ በቀር በማንም እጅ አልነበሩም። በዓይናቸው ያዩ ሁለት ምስክሮች አሉኝ። የቻናሉ መረጃ በአገልግሎት ሰጪው እንዳይጠፋ ተጠብቆ እንዲቆይ ይታዘዝልኝ። በአዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 መሠረት በግል አቤቱታ እንዲጠየቅልኝ አመለክታለሁ።"

"ይህንኑ ቀን አውቄያለሁ" የምትለዋ ዐረፍተ ነገር የሦስት ወሩን ቆጠራ ታስይዛለች። "ተጠብቆ እንዲቆይ" የምትለዋ ደግሞ መረጃው ሳይጠፋ እንዲያዝ የምታስጠይቅ ናት። "ከእሱ በቀር በማንም እጅ አልነበሩም" የሚለውን ግን እውነት ከሆነ ብቻ ጻፉ። ለእህታችሁም አሳይታችሁ ከነበረ እህታችሁም ትጻፍ። በኋላ ላይ ችሎት ፊት ብትወጣ ፋይሉ ይናዳል።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ

ኮምቦልቻ የምትኖሩ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ መምጣት የለባችሁም። እዚያው ያለው ፖሊስ ይቀበላል። ደሴም ብትሆኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጣቢያ ነው የምትሄዱት። አዋጁ የፌዴራል ነው፤ ግን በሕገ መንግሥቱ የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳይ በውክልና ያያሉ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ዐቃቤ ሕጉ ይጨነቅበት።

የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዝ መርማሪ ካለ እሱን፣ ሴት መርማሪ ካለች እሷን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ግን አሥር ሰውም አታስከትሉ። አንድ ረጋ ያለ ሰው ይበቃል።

አንዳንዴ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው "ታዲያ ፎቶውን ለምን ተነሳሽ?" ይላል። አጋጥሞናል፤ የት እንደሆነ አልናገርም። እንዲህ ሲል አትመልሱለት። "ማመልከቻዬን ተቀብላችሁ መዝግቡልኝ፣ ቁጥሩን ስጡኝ" በሉ። እሱን ብቻ ደጋግሙ። ካልተቀበለ ወደ ኃላፊው፣ ከዚያም ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ። ቃላችሁን ከሰጣችሁ በኋላ ሳትፈርሙ አንብቡት። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ይነበብላችሁ። "ፈቅጄ ተነሳሁ" ያላችሁት "ፈቅጄ ተለቀቀ" ሆኖ ተጽፎ አይቻለሁ። በአንድ ቃል ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ጉዳዩ ችሎት ሲደርስ ደግሞ በዝግ እንዲታይ ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ይህን ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ "ሰው ሁሉ ሊያየኝ ነው" ብሎ ይተወዋል።

ጠበቃ መክፈል ያቃታችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች በነፃ ያማክራል።

ሽማግሌ ሲመጣ

መምጣቱ አይቀርም። ወሎ ነን። ገና የፋይሉ ቀለም ሳይደርቅ ሦስት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ቡና ይፈላል። አቦል ላይ ስለ ዝናቡ ይወራል፣ ቶና ላይ "ልጁ ተጸጽቷል" ይባላል፣ በረካ ላይ "ለእሷም ስም ብለን ነው፣ ክሱን ታንሳ" ይመጣል። እኔ ሽምግልናን አልጠላም። ደም ያፋሰሰ ስንት ጠብ በእነሱ ነው የበረደው። ግን እዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ።

አንደኛው ጊዜ ነው። "ለፋሲካ እንሰበሰባለን"፣ "ረመዳን ይውጣ"፣ "አጎቱ ከሚሌ ይምጣ" እየተባለ ሦስት ወሩ ያልፋል። ሽማግሌው ክፋት የለውም፤ የቀን መቁጠሪያ ብቻ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ አቤቱታውን አስመዝግቡ፣ ከዚያ ቡናውን አፍሉ። "አባቶቼ፣ አልናቅኋችሁም፤ ግን ወረቀቱ ገብቷል፣ አሁን እናውራ" ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው "ክሱን አንሺ" የሚለው ነው። ስም ማጥፋቱ በግል አቤቱታ ስለሆነ እናንተ ካነሳችሁት ሊዘጋ ይችላል። ዛቻውና ማስፈራራቱ ግን በእናንተ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም። ለመታረቅ ከመረጣችሁ፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ብቻ ከመፈረማችሁ በፊት ምን እንዳገኛችሁ እዩ። ፎቶው ከስልኩ፣ ከደመና ማስቀመጫው፣ ከላከላቸው ሰዎች እንዲጠፋ፣ ደግሞ ብቅ ቢል ተጠያቂው እሱ እንደሆነ በጽሑፍ በምስክር ፊት ይፈርም። "በቁርዓን ምያለሁ"፣ "በታቦት ምያለሁ" ለነፍሱ ይሁነው፤ ለእናንተ ወረቀቱ ይሻላል።

ስለ ካሳ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ያናድዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። አዎ፣ አንድ ሺህ። ሕጉ ሲጻፍ በሺህ ብር የሚገዛው ሌላ ነበር፣ አሁን ለሁለት ቀን ሽሮም አይበቃ። ነገር ግን የገንዘብ ጉዳት ይህ ጣሪያ የለውም። ከሥራ ከተባረራችሁ የደመወዝ ማስረጃ፣ ሐኪም ጋ ከሄዳችሁ ደረሰኝ፣ ቤት ለቃችሁ ከሆነ ውሉን ያዙ። የወንጀሉ ክስ በሚታይበት ችሎት ካሳውንም አብሮ መጠየቅ ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ መንከራተት አያስፈልግም። እኔ ግን የፍትሐ ብሔሩ ጥቅም ገንዘቡ ላይ አይመስለኝም። ፎቶው መታየቱን እንዲያቆም ፍርድ ቤት እንዲያዝላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ዋናው እሱ ነው።

ለጣፊው ወይም ተጎጂዋ ዓረብ አገር ከሆነች

ከእኛ አገር ሴቶች ስንቱ ጅዳና ሪያድ ነው። ፎቶው በኢሞ ለባል ተልኮ፣ ባል ለጓደኛ፣ ጓደኛ ለግሩፕ ይሆናል። እዚህ ያለውን ሰው ለመክሰስ እናት ወይም እህት ማመልከት እንድትችል እዚያ ካለው ቆንስላ ውክልና አሠርታ ትላክ። ለጣፊው ሳዑዲ ያለ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ አንቀጽ 3 የሰውን የግል ሕይወት በካሜራ ስልክ ለደፈረና ስም ላጠፋ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ወይም ከሁለቱ አንዱን አስቀምጧል። ወረቀት ለሌላት ሴት እዚያ ፖሊስ ጋ መሄድ የራሱ አደጋ አለው። እሷን "ሂጂ" ብዬ አልመክርም፤ መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዷን ሁኔታ አስባ ትወስን።

ወደ ኮምቦልቻዋ ልጅ ልመልሳችሁ። "የፎቶ ማጠራቀሚያሽን የቆሻሻ ቅርጫት ክፈቺ" አልኳት። ያጠፋችውን ስክሪንሹት ለማለት ነው። ብዙ ስልክ ላይ ያጠፋችሁት ፎቶ ወዲያው አይጠፋም፤ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን፣ ጉግል ፎቶስ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እስከ 60 ቀን ይቆያል። ከፈተችው። መጀመሪያ የድግስ ፎቶ፣ ከዚያ የምግብ፣ ከዚያ አራት ስክሪንሹት። ዛቻው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ቀኑ። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው "ያ ነው?" አሉ። ልጅቷ መልሳ አስገባቻቸውና ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ አዞረችው፤ ጽሑፉ ያለበትን ብቻ።

ማመልከቻውን ጻፍኩ። ለሦስት ወሩ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ሐረጎን በሚወርደው የመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ጠዋት ቃሏን እንደሰጠች የመዝገብ ቁጥሩን ላከችልኝ።